ስምንት አምፖል ለአባቴ ጆሮ

ያቺን መዳፍ የምታክል የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ከአዲስ አበባ ካስመጣኋት ስድስት ወር ሆኗት ነበር፤ ምንም አልሠራሁባትም። ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ፊዚክስ በማስተምርበት ጊዜ ነው። ማይክሮኮንትሮለር ማለት ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ያዘዙትን ይሠራል፤ የምታዘው ነገር የጠፋህ እንደሆነስ? አንድ ቀን የዶሮ ቤት በር በራሱ የሚከፍት ልሠራ እነሳለሁ፤ ዶሮ የለኝም። በማግስቱ አትክልት የሚያጠጣ እላለሁ፤ ግቢው ውስጥ ያለው አንድ እግር ጌሾ ነው። ኤዲያ! ሽቦውን ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ እወረውረዋለሁ።

አባቴ ዲማ አካባቢ የቅኔ መምህር ነበሩ። ለጥምቀት ስሄድ ጆሯቸው ደክሞ አገኘሁት። ተማሪ ራሱ አስቦ የቆጠረውን ቅኔ ሊነግራቸው ፊታቸው ሲቆም አንገታቸውን አስግገው፣ "እ? ድገመው እስቲ" ይላሉ። ሦስቴ ካስደገሙት በኋላ ያፍሩና "ደኅና ነው" ብለው ያልፉታል። አንዲት የተበላሸች ቃል አሳልፈው የማያውቁት ሰውዬ! ሁለት ተማሪዎች ሌላ መምህር ፍለጋ ሄደዋል።

"ካልሰማሁ ምኑን አርመዋለሁ? ጉባኤው መበተኑ ነው" አሉኝ።

ለቦርዷ ሥራ አገኘሁላት ብዬ ወደ ማርቆስ በረርኩ። ድምፅ የሚለይ ሴንሰር ከቦርዷ ጋር ላገናኝ፤ ስምንት ትንንሽ አምፖሎች በተርታ ልደረድር፤ ድምፁ ሲጎላ ብዙዎቹ፣ ሲያንስ ጥቂቶቹ ሊበሩ። ገበያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጅ ነበረኝ፤ ሽቦ እንዲበይድልኝ ሄጄ ሐሳቤን ነገርኩት።

"አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ?" አለኝ። "ማይክ፣ ካሮጌ ቴፕ የወጣ ድምፅ ማጉያ፣ ኢርፎን። በቃ! ባንድ ከሰዓት እጨርስልሃለሁ።"

"ታዲያ ቦርዷ ምን ልትሠራ ነው?" አልኩት።

ይኼን ከአፌ ማውጣቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። ፕሮግራም የማይጻፍለት ነገር ለኔ ሥራ አይመስለኝም ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ከነዚያ አምፖሎች ጋር ተጨቃጨቅኩ። ፕሮግራሙ ተስተካከለልኝ ስል መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሴንሰሩ እሱን እየሰማ ስምንቱንም ቦግ ያደርጋቸዋል። በመጨረሻ እንደምንም ሠራ፤ ባትሪ ገጠምኩለትና ተሸክሜው ዲማ ገባሁ።

ተማሪው ቆሞ ቅኔውን ሲናገር አምፖሎቹ ወዲያና ወዲህ ተሯሯጡ። አባቴ በጥሞና አዩዋቸው።

"ያምራል" አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እየተናገረ መሆኑንማ ከንፈሩን አያለሁ። ምንድን ነው ያለው?"

ምናለ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። በራሴ ተናድጄ መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስነጫነጭ ተመለስኩና በቀጥታ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። እንዳለውም ባንድ ከሰዓት ጨርሶ በትንሽ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አድርጎ ሰጠኝ። እኔ ግን የተማሪ ፈተና ሳወጣ፣ ሳርም፣ ውጤት ስሞላ ሌላ ወር በላሁ። ምን ነበረበት አንድ ቅዳሜ ደርሼ ብመጣ?

ዲማ ስደርስ የተማሪዎቹ ጎጆ በሮች በእንጨት ተደግፈው ተዘግተዋል። የመጨረሻው ተማሪ ከሄደ ሳምንት ሆኖታል። አባቴ ሁልጊዜ የሚያርሙበት መደብ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልሰሙትም። ኢርፎኑን ጆሯቸው ላይ ሰካሁላቸውና ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አልኩ።

ዓይናቸው ፈጠጠ። "ሰማሁ!" አሉ። "ኧረ ጥርት ብሎ ሰማሁ!"

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ የተማሪ ቅኔ ሊያርሙ እንደሚቀመጡት ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"በል ቀጥል" አሉኝ።

እኔ ቅኔ አልተማርኩም። ማይኩን እንደያዝኩ ፊታቸው ተገተርኩ።

"ቀጥል እንጂ፣ እየሰማሁህ ነው" አሉ።