የአንድ ሳፋ ውሃ

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ የጤና ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ፣ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ የእኔ ድርሻ ነበር። የኪራይ ቪላ ነው፤ በየክፍሉ አራት አራት አልጋ። ኃላፊዋ ደግ ሴት ነበረች። የሰው ደጅ እየጠናች ነበር ቤቱን ያቆመችው።

አንድ ጠዋት ስደርስ አስታማሚዋ ሽማግሌዎቹን ታጥባለች። አንዱን ጨርሳ በዚያው ሳፋ፣ በዚያው ጨርቅ ወደሚቀጥለው አልጋ ተሻገረች። ውሃው ደፍርሷል። መስኮቱ ሥር የተኙት አዛውንት እጄን ያዙኝ። በደህናው ጊዜ በወሎ መስመር አውቶቡስ ይነዱ ነበር።

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ ይዞታል» አሉኝ፣ አጠገባቸው ወዳለው አልጋ በዓይናቸው እየጠቆሙ። «እኔን በሱ ውሃ አያጥቡኝ። ንገሪልኝ።»

«እነግርልዎታለሁ፣ አባባ።»

ነገርኩ። ኃላፊዋ ወደ ኮሪደሩ ሳበችኝ። «ውሃ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። ከጻፍሽው ይዘጉብኛል። እነዚህን ማን ይወስዳቸዋል?»

እንድታስተካክል በቃል አደራ አልኳትና ቅጹ ላይ «ንጽሕናው ደህና ነው» ብዬ ፈረምኩ።

በሳምንቱ ስመለስ ግቢው ውስጥ ፍራሾች ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ተቅማጡ ክፍሉን አዳርሶት ነበር። መጀመሪያ የታመመው ሰውዬ ተሽሎት ቁጭ ብሏል። ሾፌሩ ከተቀበሩ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል።

ያን ቀን እውነቱን ጻፍኩ። ቤቱ አልተዘጋም። መሥሪያ ቤቴ ውሃ በቦቴ ላከ፤ ለእያንዳንዱ አልጋ የራሱ ሳፋና ፎጣ ተገዛ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር። እስከ ዛሬ እረፍት የነሳኝ ይሄ ነው። እርጥብ ጨርቅ ሲጨመቅ ስሰማ፣ አንድ ሰው እጄን የያዘኝ ይመስለኛል።

የሾፌሩ ልጅ ከወሎ መጥታ ቢሮዬ ድረስ ፈለገችኝ።

«አባቴን አነጋግረሻቸዋል አሉኝ። ምን አሉሽ?»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ ነው ያሉኝ» አልኳት።

ጉንጬን ስማ መረቀችኝ። ከዚያ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ወደ መናኸሪያው ተጣደፈች። አድራሻዋን አልጠየቅኳትም።