የእሳት ቤቱ ውሃ

አዳማ ያኔ የባቡር ጣቢያውና ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች ነበረች፤ ሌላው የሣር ጎጆ ነበር። ከጣቢያው አጠገብ «የእሳት ቤት» የምንላት ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ ውስጧ አምስት በርሜል ውሃ፣ ባልዲዎችና አንድ የእጅ ጋሪ። ዘበኛዋ ባለቤቴ ነበር። ውሃው በባቡር ነው የሚመጣው፤ እሳት ካልተነሳ በቀር አይነካም።

አንድ በጋ የሰፈሩ ጉድጓድ ደረቀ። ባለቤቴ ለእናቱ ተዝካር አገር ቤት ሲሄድ ቁልፉን ለእኔ ተወልኝ። በማግስቱ ጎረቤቴ፣ አሮጊቷ የወሎ ሴት፣ ቅል ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ አራስ ቤት ውሃ ጠፋ» አሉኝ።

ሴት ልጃቸው ወልዳ ተኝታለች። እንዴት እንቢ ልበል? ቀዳሁላቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ምርቃታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ሴቱ ሁሉ እንስራውን አዝሎ ደጄ ቆመ። እየተቆጣሁ ቀዳሁ፣ እየቀዳሁ ተቆጣሁ። የውሃው ባቡር ሲመጣ ይሞላል ብዬ ነበር። ባቡሩ ዘገየ።

ባለቤቴ ሲመለስ ፈርቼ አልነገርኩትም። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋሱ ሲበረታ፣ የአሮጊቷ ጎጆ ተያያዘ። ባለቤቴ ሮጦ በርሜሎቹን ሲገፋ ባዶአቸውን ጮኹ። አራሷንና ሕፃኑን አወጣን እንጂ ጎጆውን በአፈር ማዳን አልቻልንም።

የወረዳው ዳኛ አውጫጭኝ አዘዘ። የሰፈሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ውሃውን የጨረሰው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ እንዳይገባ ተባለ። ክርስቲያኑ በመስቀል፣ እስላሙ በቁርአን፣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ማለ። ውሃውን የወሰዱት ሴቶችም አንገታቸውን ደፍተው ማሉ። ለእኔ ሲሉ ነው። ዳኛው ግን ዓይኑን ከባለቤቴ ላይ አልነቀለም፤ ዘበኛው ሊታሰር ነው ሲባል ሰማሁ።

ተራዬ ሲደርስ መስቀሉን ሳልነካ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ የቀዳሁት» አልኩ። «እሱ አገር ቤት ነበር።»

ዳኛው ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እማማ፣ ቤትዎ የተቃጠለው በእሷ ምክንያት ነው። ይክሰሷት።»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

«ውሃውን የጠጣነው እኛ፣ የተቃጠለውም የኛው ቤት» አሉ። «ማንን ልክሰስ?»

ዳኛው ሰዉን ወደየቤቱ አሰናበተ። እውነቴን ነው፣ ቢከሱኝ ይቀለኝ ነበር።