የዋጥኩት ቃል

ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብዬ ጮኼ አላውቅም ነበር። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬ እወርዳለሁ፤ ማንም ካልወረደ ሰፈሬን አልፌ እሄድና በእግሬ እመለሳለሁ።

የወንድሜ ሚስት ሆስፒታል ስትሄድ ግን ይዛ የምትሄደው እኔን ነው። እሷ የቦኬ ገጠር ልጅ ናት፤ አማርኛ አትችልም። እኔ ጭሮ ስላደግሁ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እናገራለሁ። ወንድሜ ጫት ጭኖ ከከተማ ከተማ ስለሚሮጥ የእርግዝና ክትትሏ በእኔ ላይ ወደቀ።

ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች ደሟ ተመረመረ። ውጤቱን የነገረችን ነርስ ከሌላ ክልል የመጣች፣ ኦሮምኛ ገና ያልለመደች ልጅ ነበረች። ወረቀቱን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የጉበት ቫይረስ ተገኝቶባታል፤ ቢ የሚባለው። አትደንግጡ። እሷ መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሙ በሌላ ምርመራ ያያል። ዋናው ልጁ ነው። እዚህ መጥታ ትውለድ። በተወለደ በአንድ ቀን ውስጥ ክትባት ካላገኘ ከእናቱ ሊይዘው ይችላል። በሕፃንነቱ የያዘው ልጅ ምንም ሳያመው ያድግና ኋላ ጉበቱ ሊበላሽ ይችላል፤ ካንሰርም ሊመጣ ይችላል። ገባሽ? ንገሪያት።»

በሩ ክፍት ነበር። አግዳሚው ላይ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዷ የሰፈራችን ሴት ናት። እኛ ሰፈር ቫይረስ ከተባለ አንድ በሽታ ብቻ ነው፤ ጉበት የሚለውን ማንም አይሰማም። በኦሮምኛም ያው ቫይረስ ነው፤ መሸፈኛ የለውም። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ምን አለች?» አለችኝ የወንድሜ ሚስት።

«የወፍ በሽታ ነገር አለብሽ አለች። ልጁ ሲወለድ ክትባት ይሰጠዋል።»

ሳቀች። «የወፍ በሽታ? ዓይኔ ቢጫ ነው እንዴ?» ከዓይኗ በታች ያለውን ቆዳ በጣቷ ስባ አሳየችኝ። ዓይኗ ንጹሕ ነጭ ነበር። ነርሷ የእሷን ሳቅ አይታ ነገሩ ገብቷት ያልደነገጠች መሰላት፤ ካርዱን ሰጠችኝና ሌላ ሰው ጠራች።

ቤት ስንደርስ እነግራታለሁ አልኩ። ቤት ስንደርስ ወንድሜ ነበር። በማግስቱ ጎረቤት መጣች። እንዲህ እያልኩ ሳምንታት ሄዱ።

ከዚያ እናቷ ከቦኬ ሊወስዷት መጡ። ስለ ወፍ በሽታው ነግራቸዋለች። «ለወፍ በሽታ ደግሞ ሆስፒታል ምን ያደርጋል?» አሉ። «እኛ ጋ ቅጠሉ አለ። ጠጥታ ይለቃታል፤ ኢንሻአላህ እዚያው ትገላገላለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው።» ወንድሜ ተስማማ። እኔን ዕቃ ይዘሽ አድርሻቸው አለኝ። ቅጠል ሊያስጠጣት ቦኬ የሚወስዳት እኔ የፈጠርኩት በሽታ ነበር፤ ያን ጊዜም ዕቃዋን ማሰር ጀመርኩ።

መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ በሉ አቦ፣ ሁለት ነፍስ ናት! ሁለት ሆና በአንድ ትኬት!» ብሎ አሳቀን። እሷም «ልጄ ወንበር አይዝም፣ እኔው ላይ ነው የተቀመጠው» ብላ መለሰችለት።

ከከተማ ወጥተን ዳገቱን እንደጀመርን ከፊቷ ያለውን ወንበር ጨምድዳ ያዘች።

«ጀመረሽ እንዴ?» አሉ እናቷ።

«አይ አዮ፣ መንገዱ ነው።»

ትንሽ ቆይታ ደግማ ያዘች። አሁን መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር። እኔ ከኋላቸው ካርዱን በነጠላ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ዛሬ ቦኬ ብትወልድ፣ ነገ መኪና ብናጣ፣ የክትባቱ ቀን ያልፋል። በየመታጠፊያው ጭሮ ወደ ታች ትርቃለች። አንድ ሰው ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልወረደም።

«ወራጅ አለ» አልኩ። ጎኔ ያለው ሰውዬ ብቻ ዞሮ አየኝ።

«ወራጅ አለ!»

ረዳቱ አንገቱን አዞረ። «እዚህ? ገደሉ ላይ ማን ቤት ልትገቢ ነው እህቴ፣ ዝንጀሮ ቤት?» ሰው ሳቀ።

«ወደ ሆስፒታል እንመለሳለን! ቫይረስ አለባት፣ የጉበት! ልጁ እዚያ ካልተወለደ ሊይዘው ይችላል!»

ሳቁ ቀጥ አለ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ሻርፗን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ጠጋች። ልክ እንደፈራሁት።

መንገድ ዳር ቆመን ነርሷ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት። የወፍ በሽታ ያልኩት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳት። እናቷ «ያ ረቢ» እያሉ ደጋግመው ካርዱን ያገላብጣሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለችኝ።

«ካርዱን ከተቀበልንበት ቀን።»

«ታዲያ?»

«ሰው ነበረ። አፈርኩ።»

«አሁንስ መኪና ሙሉ ሰው አልነበረም?»

ምጡ ሲመጣ ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ገባ። አልተንቀሳቀስኩም። ወደ ጭሮ የሚወርድ አይሱዙ ቆሞ ጋቢና አስገባን።

ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ክትባቱ ሲሰጣት ገና ስም አልነበራትም። ሐኪሙ ቀሪዎቹን ክትባቶች ጨርሳ ደሟ እስኪታይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለን። ወንድሜና እኔም ተመርመሩ ተባልን፤ ተመረመርን። የወንድሜ ሚስት ስለ ሆስፒታል ቀጠሮ ካልሆነ በቀር ለብዙ ጊዜ አላነጋገረችኝም።

ልጅቷ ዓመት ሊሞላት ሲል ደሟ ታየ። ያችው ነርስ ወረቀቱን አንብባ «ነፃ ናት» አለች፤ ስለ እናትየዋም ነገረችኝ። መጀመሪያ የልጅቷን ተረጎምኩላት። የወንድሜ ሚስት ልጇን አላየችም፤ የምታየው አፌን ነበር።

«ያለችው ይህን ብቻ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «በአንቺ ደም ውስጥ ቫይረሱ አሁንም አለ ብላለች። ከስድስት ወር በኋላ ጉበትሽ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ እንዳትቀሪ ብላለች።»

በሩ እንደዚያን ቀን ክፍት ነበር።