ማክሰኞ የሚመጣው ሐኪም

ሥራዋ ጥርስ ማጽዳት ነው። ሐኪም አይደለችም፤ አትነቅልም፣ አትሞላም፣ አትሞርድም። ክሊኒክ መሄድ ለማይችሉ ሰዎች ግን ባለጎማ ሻንጣዋን እየጎተተች ያሉበት ድረስ ትሄዳለች። ረቡዕ ረቡዕ ተራው የአረጋውያን መኖሪያው ነው፤ አሥራ አራት አልጋ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ። ሽማግሌዎቹ "ብሩሿ" ይሏታል።

መስኮቱ ሥር የሚተኙት የቀድሞ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጩኸት ስለኖሩ ዝምታ አይሆንላቸውም። ማንኪያ ሲቀርብላቸው፣ "ሞልቷል! የሚቀጥለውን ጠብቁ!" ይላሉ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ አስታማሚዋም እየሳቀች ሳህኑን ትመልሳለች። በሁለት ወር ቆዳና አጥንት ሆኑ። "እርጅና ነው፤ የምግብ ፍላጎት የላቸውም" ተባለ።

ብሩሿ አፋቸውን አስከፈተች።

"አባባ፣ እስቲ ምላስዎን ወደዚህ ያድርጉልኝ።"

አንድ የታች መንጋጋ ጥርስ ተሰብሮ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ ሰልቷል። ከጎኑ፣ ምላሳቸው ላይ፣ ዳሩ የደደረ ነጣ ያለ ቁስል አለ። በጓንቷ ጫፍ ስትነካው ሽማግሌው ኩምትር አሉ።

"ከጀመረዎት ቆየ?"

"ኧረ ቆይቷል ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ለማን? ሁሉም እየሳቀ እኮ ነው።"

እዚያው ሆና ለጥርስ ሐኪሙ ደወለች። "ማክሰኞ እመጣለሁ" አላት። እስከዚያ ስለቱ ላይ ለስላሳ ሰም ለጠፈችላቸው።

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ነው የማውቀው" አሉ ሽማግሌው። "ቅቤው ሲጠፋ በሰም ሆነ?"

ሳቀች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን መሳቋ ቆጫት።

ማክሰኞ ሐኪሙ አልመጣም፤ መኪናው ጋራዥ ገብታለች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌላ መኖሪያ አስቸኳይ በሽተኛ ነበረው። ሰሙ ውሎ አያድርም፤ ስለዚህ ከምሳ ሰዓቷ እየቀነሰች በየቀኑ እየሄደች ትለጥፍ ጀመር። ለሆስፒታል የጻፈችው ወረቀት "የሐኪም ፊርማ የለውም" ተብሎ ተመለሰ። የመኖሪያውን ሥራ አስኪያጅ ለመነችው።

"እኔስ ምን ላድርግ እህቴ? ሐኪም ይጨመርልን ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ" አለ። እውነቱን ነው፤ ግልባጮቹን አሳያት።

አንድ ቀን የጥርስ ማለስለሻ መሣሪያዋን ከሻንጣው አውጥታ አልጋቸው አጠገብ ብዙ ቆመች። ስለቱን መሞረድ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ፈቃዷን ብትነጠቅ የቀሩትን አሥራ ሦስት ሰዎች ማን ያይላቸዋል? ደግሞስ ቁስሉ ከጥርሱ የመጣ ብቻ ባይሆንስ? መልሳ ከተተችው።

ሐኪሙ በአምስተኛው ማክሰኞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለስድስት መኖሪያዎች ያለው እሱ ብቻ ነው። ጥርሱን ወዲያው አለሰለሰው። ቁስሉን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ፈርሞ ሆስፒታል ላካቸው። ካንሰር ነበር፤ አንገታቸው ድረስ ወርዷል።

ሴት ልጃቸው ኮሪደር ላይ ጠበቀቻት።

"እህቴ፣ ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ ይድኑ ነበር?"

"እኔ እንጃ" አለቻት። ልጅቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ይሻል ነበር።

አሁን ሽማግሌው መናገር አይችሉም። ብሩሿ በእረፍት ቀኗ ሆስፒታል እየሄደች ከንፈራቸውንና ድዳቸውን በእርጥብ ስፖንጅ ታብሳለች። አንዳንዴ ራሳቸው አፋቸውን ይከፍቱላታል። አንዳንዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ያኔ ስፖንጁን ብርጭቆው ውስጥ ትመልስና ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች።