ወደፊት የወጣው ጉልበት

ሰሞኑን ቀኝ ጉልበቴን እያመመኝ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት በካምፎር ቅባት አሸዋለሁ፤ ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ሽታው ያደግኩበትን የኢስት ዮርክ አፓርትማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አያቴን ይዞብኝ ይመጣል።

አያቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አራት ዓመት አብረውን ሲኖሩ ጉልበታቸው ሁልጊዜ ይህንኑ ይሸት ነበር። ከትምህርት ቤት ስገባ ቀኙን ትንሽ ወደፊት አውጥተው ይጠብቁኛል፤ እኔም ቦርሳዬን ሳላወርድ ጎንበስ ብዬ እስመዋለሁ፤ እሳቸውም ራሴን ዳብሰው ይመርቁኛል። «ትልቅ ሰው ስታዪ ጉልበት ሳሚ» ስላሉኝ፣ አንድ ቀን ከጎናችን የሚኖሩትን አየርላንዳዊቷን አሮጊት፣ ሚስ ኖራን፣ ሊፍት በር ላይ አገኘኋቸውና ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። እሳቸው የወደቅኩ መስሏቸው ጮኸው የያዙትን ወተት ለቀቁት፤ እናቴ በሃፍረት ወለሉን ስትጠርግ እኔ ጥፋቴ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

እናቴ ልማዱን ስታስረዳቸው ግን ሚስ ኖራ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በእናታቸው ቋንቋ፣ በአይሪሽ፣ ጉልበት «ግሉን» እንደሚባል፣ ትውልድንም በዚያው ቃል እንደሚጠሩት ነገሩን። አያቴ ይህን ሲሰሙ «እኚህስ የእኛ ሰው ናቸው!» ብለው ቅባታቸውን አካፈሏቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ፣ ኮሪደር ላይ ወንበር አውጥተው ጉልበታቸውን እያሳዩ ሲያወሩ ይውሉ ነበር።

አያቴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አሥር ዓመቴ ነበር። ኤርፖርት ስንሸኛቸው የክፍሌ ልጅ፣ ጓደኛዬ ጄኒ፣ አብራን መጥታለች። አያቴ እንደ ልማዳቸው ጉልበታቸውን ወደፊት አወጡ። እናቴ ከኋላ ብትቆነጥጠኝም ጄኒን አፈርኳትና እጄን ዘረጋሁላቸው። አያቴ ጨበጡኝ፣ «አድገሻል፣ ልጄ» አሉኝ፣ ጉልበታቸውንም ቀስ ብለው መለሱት። በዓመቱ አረፉ። ስንት የማላስታውሰው ነገር እያለ ያቺን የተመለሰች ጉልበት እስከ ዛሬ መርሳት አልቻልኩም።

ሚስ ኖራም ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከእሳቸው በኋላ «ግሉን» የሚለውን ቃል ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም። ባለፈው እሁድ ልጄ ከስካርቦሮ መጣች። ደግ ልጅ ናት፤ በሩ ላይ «ሃይ ማሚ፣ ዶክተሩን ኮል አደረግሽው?» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና የገዛችልኝን ዕቃ ይዛ ወደ ኪችን አለፈች። ጉልበት መሳም አላስተማርኳትም፤ በምን አፌ አስተምራታለሁ? ዝቅ ብዬ ሳይ ግን ቀኝ ጉልበቴ፣ ሳላውቀው፣ ትንሽ ወደፊት ወጥቷል።