በአጥር ቀዳዳ የታየ ጎመን

ሊዲያንና የባሏን ታላቅ ወንድም ሚስት ሂሩትን የሚለያቸው አንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ሞርሲቶ የሚኖሩት አማታቸው እማማ ብርቅዬ ሆሳዕና ያለውን ቦታ ለሁለቱ ትልልቅ ልጆቻቸው ሲያካፍሉ፣ ዳገት ዳገቱን ለታላቁ ሰጡ፣ ዝቅ ያለውን ደግሞ ለሊዲያ ባል ለታዴዎስ። ያኔ ማንም ቅር አላለውም። ቅናቱ የመጣው ኋላ፣ አምና በመስቀል ነው።

ለመስቀል ቤተሰቡ ሁሉ ሞርሲቶ ይሰበሰባል። በዚያ ቤት ደንብ ሥጋውና ቅቤው የወንዶቹ ጉዳይ ነው፤ ጎመኑ ደግሞ የምራቶቹ። እያንዳንዷ ምራት የራሷን ድስት ይዛ ትሄዳለች። እማማ ብርቅዬ መጀመሪያ ከሂሩት ድስት ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«ይሄ ከጓሮ የተቀጠፈ ነው። ያስታውቃል!»

ቀጥለው ከሊዲያ ድስት ጎረሱ። ከዚያ ውሃ ጠጡ።

ሊዲያን ያንገበገባት ውሃው ነው። ክፉ ቃል ቢናገሯት ይሻላት ነበር። ልጇን ሀሴትን ስታጠባ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ ስብከት ስትሰማ ሳይቀር ያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ትዝ ይላታል። «ለሚመጣው መስቀል፣ 'ያስታውቃል' የሚባለው የእኔ ጎመን ይሆናል» ብላ ለራሷ ማለች።

ግንቦት ሲያልቅ አጥሩ ላይ አንድ ቀርከሃ በስብሶ የተከፈተ ቀዳዳ አገኘች። ሊዲያ አስራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ከማንም ኮርጃ አታውቅም፤ አሁን ግን ሀሴትን አዝላ፣ እንሰቱን ተከልላ፣ ከሂሩት ጓሮ ትኮርጅ ጀመር። ሂሩት የጎመን ችግኝ ስታፈላ እሷም አፈላች። ሂሩት ድንች ስትተክል እሷም ተከለች። ሂሩት ካሮት በዘራች ማግስት ካሮት ዘራች። ሄዶ መጠየቅማ ሞቷ ነው!

አንድ ቀን ሂሩት ከአጥሩ በላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ሊዱ፣ ካሮት ዘራሽ እንዴ? ምነው እንዲህ ተመሳሰልን!»

«ውይ፣ አንቺም ዘርተሻል? እኔ የት አይቼ!»

ሂሩት ሳቀች። ሳቋም እንደ ጎመኗ ያማረ ነበር፤ ሊዲያ በእሱም ቀናች።

ሐምሌ ገባ። የሂሩት ጎመን ቅጠሉን ዘርግቶ ሲንዠረገግ፣ የሊዲያ ቢጫ ሆነና ከሥሩ በሰበሰ። ድንቹ ሲነቀል እጇ ላይ ተልሞሰሞሰ። ካሮቱማ ጭራሽ አልበቀለም።

«ሆን ብላ ነው!» አለች ለታዴዎስ። «የጓሮዋን ውሃ ወደ እኔ እየለቀቀች ነው።»

«ታዲያ ውሃው ወዴት እንዲሄድ ፈለግሽ፣ ሽቅብ?»

«አንተ ደግሞ ለእሷ ጠበቃ ቁም!»

«እኔ ለማንም አልቆምኩም። ዓይንሽ ከዚያ ቀዳዳ አልነቀል አለ እንጂ። እስኪ ወደ እግርሽ ተመልከቺ።»

ተመለከተች። እግሯ ከነኮንጎ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ያየችው ገብቷት ነበር፤ ግን ባሏ ትክክል እንዲሆን ስላልፈለገች ጫማዋን መንጭቃ ወደ ቤት ገባች።

መስቀል ደረሰ። ሊዲያ በጠዋት ገበያ ወርዳ፣ ለምለሙን መርጣ ገዛች፤ ቅቤውንም ሳትሰስት ሠራችው። እማማ ብርቅዬ ቀመሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የገበያ ነው አይደል ልጄ?» አሏት። የዘንድሮው ከአምናው ውሃ ባሰ፤ ያሁኑ እዝነት ነበረበት። ሂሩት ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ በኪትፎው ላይ ጎመን ትጨምርላቸዋለች።

ሆሳዕና ስትመለስ የተረፋትን የጎመን ዘር አንስታ፣ መደብም ሳታወጣ፣ በእልህ ጭቃው ላይ በተነችው። «ብትፈልግ ብቀል፣ ብትፈልግ ቅር!» አለችው። ከዚያ ወዲያ በቀዳዳውም አላየች፣ ጓሮም አልወጣች።

ዝናቡ ቆመ። ኅዳር ላይ የሀሴትን ልብስ ልታሰጣ ብትወጣ፣ ያ የበተነችው ዘር ጉልበቷ ደርሷል። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ። ጎንበስ ብላ አፈሩን ጨበጠችው፤ ርጥብ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስትረግመው የነበረው ውሃ እዚያው ታች ተቀምጦ ጠብቋታል። በቀዳዳው ብታይ፣ የሂሩት ጓሮ ተሰነጣጥቋል፤ ሂሩት ከቧንቧ ውሃ በጀሪካን ተሸክማ ሽቅብ ታዘግማለች። ሊዲያ ብዙ ቆማ አየች። ማየቱ ጣፈጣት፤ እንደጣፈጣትም አወቀች።

ያን ዕለት ጓሮዋን በእግሯ ዞረችው። ዝቅ ያለው በበጋ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ያበቅላል። በልግ ሲገባ እዚያው ጎደሬ ይተከልበታል፤ ጎደሬ ርጥበት አይጠላም። የክረምቱ ጎመን ደግሞ ከቤቱ ጀርባ፣ ከፍ ያለው ጋ፣ በእንሰቱ መካከል ይሆናል። ይሄን ሁሉ ለማወቅ የሂሩት አጥር ምንም አላስፈለጋትም ነበር።

ጥር ላይ የባሎቻቸው ታናሽ ወንድም ነህምያ ሚስት አገባ። ድግሱ ሆሳዕና ሆነ፤ ጎመኑም በአንድ ትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀረበ። እማማ ብርቅዬ በቆጮ ጠቅለል አድርገው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄማ ያስታውቃል! የሂሩት ጓሮ ነው።»

ጎመኑ የተቀጠፈው ግን ከሊዲያ ጓሮ ነበር። «የእኔ ነው» ማለት ፈለገች፤ በሰው ፊት ለጎመን መከራከር ግን አሳፈራት። ሂሩትን አየቻት። ሂሩት አቀርቅራ ከሳህኗ ላይ አይብ በጣቷ ትገፋለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«የእኔ አይደለም እማማ» አለች በመጨረሻ፣ እሾህ ከእግሯ እንደምትነቅል ሁሉ ፊቷን ጨምድዳ። «የሊዲያ ነው። የእኔስ ደርቋል።»

እማማ ብርቅዬ ወደ ሊዲያ ዞሩ። ሳህናቸውን ዘረጉ። «እስኪ ጨምሪልኝ፣ ልጄ።»

ሊዲያ ጨመረችላቸው። ስትጠብቀው የከረመችው ደስታ መጣ፤ ግን ሙሉ አልነበረም። እሷ በሂሩት ቦታ ብትሆን ዝም ትል ነበር፤ ይህን ከማንም በላይ ራሷ ታውቃለች። በዚያች ሰዓት በሂሩት እውነተኛነት ቀናች፤ ከጎመኑም፣ ከሳቁም ይልቅ።

በማግስቱ ጠዋት ቀይ ሥር ልትዘራ ወጥታ፣ በልማድ ወደ ቀዳዳው ጠጋ ብትል ከወዲያ በኩል አንድ ዓይን አፈጠጠባት። ሁለቱም ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ምን እየዘራሽ ነው?» አለች ሂሩት ከአጥሩ ማዶ፣ ሳቅ እየተናነቃት።

«ምንም» የሚለው ቃል ሊዲያ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ቀይ ሥር። አንቺ ጋ ግን አሁን አይሆንልሽም፣ ይደርቅብሻል። በበሩ ዞረሽ ነይ፣ እዚህ ታች አንድ መደብ ልስጥሽ። ክረምት ሲመጣ አንቺ ደግሞ ከላይ አንድ ትሰጪኛለሽ።»

«ለመስቀል ጎመን?»

«ለመስቀል ጎመን። ድስታችን ግን ለየብቻ ነው!»

«ኧረ ለየብቻ!» አለች ሂሩት፤ የጫማዋ ኮቴም ወደ በሩ ሲዞር ተሰማ።