ለማንኛውም እና ዳገት ያቃታት ፒካፕ

የእህቴ ባል የብረት በር ሠሪ ነው። በሰፈራችን እሱ ያልበየደው በር ያለው ቤት ካያችሁ፣ ወይ ባለቤቱ ከእሱ ጋር ተኳርፏል፣ ወይ ቤቱ ገና አላለቀም። አንድ ብረት በሚበቃበት ቦታ ሁለት ይበይዳል። "ሁለተኛው ለምንድን ነው?" ሲሉት "ለማንኛውም" ይላል። ስሙም በዚያው ለማንኛውም ሆኖ ቀረ።

እህቴ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰፈራችን ዳገት ማዶ ካለው ሐይቅ ዳር ሄደው እንዲያድሩ። ለማንኛውም ደግሞ ሆቴል አይሆንለትም። የሆቴል በር ስስ ስለሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም ይላል። ዘንድሮ ግን "ፒካፓችን የምትጎትተው ቤት እሠራልሻለሁ" አላት። እሷም የዓመት ፈቃዷን ወሰደችና ቁርጡን ነገረችው።

"ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ። ቤትህ ከደረሰ አብረን፣ ካልደረሰ በአውቶቡስ ብቻዬን።"

ቤቱ ተሠራ። አቤት አሠራር! ግድግዳው ለግቢ በር የሚሆን ላሜራ፣ መስኮቱ ፍርግርግ። በሩማ አይነገርም! አበባ የተጠማዘዘበት፣ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ ቁልፉ ሁለት ጊዜ የሚዞር ብረት በር።

ቤቱን ከፒካፗ ኋላ ቀጥለን እኔና እሱ ለሙከራ ዳገቱን ጀመርን። ፒካፗ ልብስ ሰፊው ሱቅ ስትደርስ አቃሰተች፣ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ዘልዬ ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ ባልወትፍ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላችሁ።

"ጉልበት አንሷታል" አለ ለማንኛውም።

መካኒኩ የልጅነት ጓደኛው ነው። ፊልትሮ ቀየረ፣ የነዳጅ ኖዝል አጸዳ፣ በደንብ እንድትተነፍስ ብሎ ወፍራም የጭስ ማውጫ ማርሚታ ገጠመላት። አሁን ልብስ ሰፊውን አልፋ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆመች። ለማንኛውም በደስታ ሊያብድ! ቤት እንደደረሰ ምን አደረገ መሰላችሁ? ለተጎታቹ የብረት ደረጃ በየደለት።

"ጉልበት ጨምራ የለ እንዴ?" አለኝ።

በማግስቱ ተመልሳ ልብስ ሰፊው ጋ ቆመች። ሰውዬው ከሱቁ ወጥቶ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ናፍቃችሁኝ ነበር" አለን።

በመጨረሻ መካኒኩ ከአሮጌ ጭነት መኪና የተፈታ፣ ለሞተር ጉልበት የሚጨምር ተርቦ ገጠመላት። እየገጠመም "ስማ፣ የምታስጎትታት ቤት ነው እስር ቤት?" አለው።

"አንተ ሞተሩን እይልኝ፣ ቤቱን ተወው።"

ሐሙስ ከሰዓት እህቴ ራሷ ጋቢና ገብታ መሃላችን ተቀመጠች። ፒካፗ ተርቦዋን እያፏጨች ልብስ ሰፊውን አለፈች። ዳቦ ቤቱንም አለፈች! እልል ልንል አፋችንን ስንከፍት የተቃጠለ ሽታ መጣ። ፍሪሲዮኑ ጨሰ፤ ቆመን ቀረን።

እህቴ ወረደች። ድንጋይ ወትፌ ስመለስ የተጎታቹን ግድግዳ በጣቷ እያንኳኳች ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ላሜራ።"

"ከሥሩስ?"

"ሌላ ላሜራ።"

"ለምን?"

ከዳቦ ቤቱ ወረፋ አንዱ "ለማንኛውም!" ብሎ ጮኸና መንገዱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ለማንኛውም ብቻ መሬት መሬት እያየ "ተኝተሽ ሳለ ማንም እንዳይገባብሽ ብዬ ነው" አላት።

"አንተ ሰውዬ! ሐይቅ ዳር ማን ይገባብኛል? ዓሣ?" አለችና በእግሯ ወደ ቤት ወረደች። ሻንጣዋንም አውጥታ ማዘጋጀት ጀመረች።

ዓርብ መካኒኩ ፍሪሲዮኑን ሲቀይር፣ ለማንኛውም መቁረጫውን አንስቶ የገዛ ሥራውን ይከትፍ ጀመር። ፍርግርጉ ወደቀ፣ ደረጃው ወደቀ፣ ግድግዳው በሁለት ድርቡ ወደቀ። እያንዳንዱ ሲወድቅ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ፊቱን ያኮማትራል። በሩ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

"እሱን ተወው" አለች እህቴ ከኋላው።

"ይከብዳል እኮ።"

"ተወው አልኩህ። ወፎቹን ለኔ አይደል የሠራሃቸው?"

ግድግዳውን ልብስ ሰፊው በሸራ ሰፋልን። "ከእንግዲህ ሱቄ በር ላይ እንዳላያችሁ" ብሎ መረቀን።

ቅዳሜ ጠዋት ፒካፗ ልብስ ሰፊውንም ዳቦ ቤቱንም እንደማታውቃቸው ሆና አልፋ ዳገቱን ጨረሰችው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ማን ጠራህ አትበሉኝ፣ ድንጋይ የሚወትፍ ሰው ያስፈልጋል። ያደርኩት ጋቢና ውስጥ ነው።

ሐይቁ ዳር ሸራው በነፋስ ይርገበገባል፤ መሃሉ ላይ ያ ጉደኛ የብረት በር ቀጥ ብሎ ቆሟል። መብራት ሲያጠፉ የእህቴ ድምፅ ተሰማኝ።

"በሩን ቆለፍከው?"

"ዙሪያው ሸራ ነው እኮ፣ ቢቆለፍ ምን ይሠራል?"

"ለማንኛውም" አለችው።

ቁልፉም ሁለት ጊዜ ዞረ።